ቦሎ ወድቃ የማታውቀው የለገሠ መኪና

አንድ ሕዝብ የሚኮራበት ነገር ሲያጣ ታሪክ አዝኖለት አንድ መኪና ይሰጠዋል። ለእኛ ለዴንቨርና ለኦሮራ ኢትዮጵያውያን የተሰጠችን የለገሠ ቀዮ ናት። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1981 ስሪት፣ ሁለት በር፣ ቀይ፣ አሜሪካን ሠራሽ የስፖርት መኪና ናት። ለገሠ በ2002 ዓ.ም. በጋዜጣ ማስታወቂያ አይቶ ከገዛት ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ለጭስ ምርመራ ቀርባ፣ አምስት ጊዜ ተፈትና አምስት ጊዜ አልፋለች። ከመካከላችን እንዲህ ያለ ውጤት ያለው ሰው የለም። እኔ ራሴ መንጃ ፈቃዴን ያገኘሁት በአራተኛው ሙከራ ነው።

ምርመራውን ቦሎ ነው የምንለው። የኮሎራዶ መንግሥት ሌላ ስም አውጥቶለታል፤ አልተቀበልነውም። አዲስ አበባ ቦሎ ያወጣ ሰው ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቀዋል። ደህና ጎማ ከጎረቤት፣ እሳት ማጥፊያ ከዘመድ ትዋሳለህ፤ ከዚያ መርማሪውን የሚያውቅ ሰው ታፈላልጋለህ። እዚህ ግን እንደኛ ላሉ አሮጌ መኪኖች የሚታየው ጭስ ነው። አንዱ መጥቶ ጭስ ማውጫዋ ውስጥ ቱቦ ይከታል፣ ሞተሯ ያጓራል፣ ማሽኑ ወረቀት ያወጣል፣ አለቀ። ጎማ የሚያይ የለም። እኛ ግን ሥርዓት የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን በየዓመቱ ጎማዋን በሳሙና እናጥባለን፣ ከሆዷ ሥር ጭቃ እንፍቃለን፣ አስቻለው ደግሞ ዳውንታውን ከሚሠራበት የፓርኪንግ ጋራዥ ግድግዳ ላይ እሳት ማጥፊያ ነቅሎ ያመጣል። ጋራዡ ለእነዚያ ሁለት ሰዓታት በፈጣሪ ጥበቃ ሥር ይቆያል።

ይህን ሁሉ የሚያስተባብረው የቀዮ ቦሎ አጃቢ ኮሚቴ ነው። ሰብሳቢው ጋሽ ወልደገብርኤል ናቸው፤ አስቻለው የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ማኅተምም አለን። ማኅተሙ የተቀረጸው ኮሚቴው ከመቋቋሙ በፊት ነው፤ እንዲያውም ኮሚቴውን ያቋቋምነው ማኅተሙ ሥራ እንዳይፈታ ብለን ነው።

ለገሠ ስለ ቀዮ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ግሪን ቫሊ ራንች በሚባል ሰፈር በገዛው ቤት ጋራዥ ውስጥ፣ ለሠርጉ በስጦታ የመጣውን ወፍራም ብርድ ልብስ ለብሳ ትተኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ብርድ ልብሱን ገልጦ ይወለውላታል፣ አምስት ደቂቃ አስነስቶ ያዳምጣታል፣ ከዚያ መልሶ ያለብሳታል። መንዳት የሚባል ነገር የለም። ከቤቱ እስከ ምርመራ ጣቢያው ደርሶ መልስ አሥራ አራት ማይል ነው፤ ቀዮ በዓመት የምትሄደውም እሱኑ ነው። አንድ ሰው "ለምን አትነዳትም?" ብሎ ቢጠይቀው "ፈተና አለባት" አለው።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ አባቶች። የቀዮ ሞተር የመቶ ስልሳ አምስት ፈረስ ጉልበት አለው። ከመቶ ስልሳ አምስቱ አንዱም ሰው አድርሶ አያውቅም።

ለገሠ ሥራ የሚሄደው በኮሮላው ነው። ገና ሳይነጋ ይወጣል፣ አሥር ሰዓት ላይ ይመለሳል። ኮሮላዋም ተራዋ ሲደርስ ተመርምራ ታልፋለች፤ እስካሁን ያጨበጨበላት ሰው ግን የለም። ሚስቱ ዘሪቱ ኦሮራ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መግባት አለባት። ባለፈው ክረምት በረዶው ሲከመር የመጀመሪያው አውቶቡስ እየዘገየ ሁለተኛው ያመልጣት ነበር። የካቲት ላይ ሁለተኛው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ሦስተኛው መባረር ነው። መንጃ ፈቃድ አላት፤ ያውም በመጀመሪያው ሙከራ ያለፈች። ቀዮን አውሰኝ ብትለው ለገሠ እንቢ አለ። እሷም ሽማግሌ ጠራች። ሽማግሌ ሆኖ የተሰየመው ማን እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልግም፤ ማኅተም ያለን እኛው ነን።

ግሌንዴል፣ ጋሽ ወልደገብርኤል አፓርታማ ተቀመጥን።

"እስቲ ልጄ፣ ጉዳይሽን አስረጂ" አሉ ጋሽ ወልደገብርኤል።

"ጋሼ፣ ሥራዬ ሊሄድብኝ ነው። መኪና ጋራዥ ውስጥ ተኝታ እኔ በረዶ ላይ እቆማለሁ። ሌላ ጉዳይ የለኝም።"

"ለገሠስ ምን ትላለህ?"

"ጋሼ፣ እኔ ሚስቴን እወዳለሁ። ነገር ግን ኅዳር እየደረሰ ነው።"

"ገና የካቲት ነው እኮ!" አለች ዘሪቱ።

"ዘጠኝ ወር ለዝግጅት አጭር ነው" አለ አስቻለው። "ልጅ እንኳ የሚወለደው በዘጠኝ ወር ነው።"

ምን ማለቱ እንደሆነ ማናችንም አልገባንም። ሆኖም ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

"ጋሼ፣ ብትነዳ ሞተሯ ይጎዳል" አለ ለገሠ። "ጭሷ ቢበላሽስ?"

"እኔስ ብበላሽ?" አለችው ዘሪቱ።

ይህን ጥያቄ "ከአጀንዳ ውጭ የተነሣ" ብዬ መዘገብኩት። ከዚያም ጋሽ ወልደገብርኤል ጉሮሯቸውን ጠርገው ውሳኔውን አሰሙ። "የግራ ቀኙን አቤቱታ መርምረን፣ የመኪናዋን ክብር፣ የትዳሩን ሰላምና የኮሚቴውን ዝና ከግምት ውስጥ በማስገባት፣ ወይዘሮ ዘሪቱ ከእንቅልፏ አንድ ሰዓት ቀድማ እንድትነሣ በሙሉ ድምፅ ወስነናል።" ዘሪቱ ድምፅ አልነበራትም። ሙሉ ሊሆን የቻለውም ስለዚህ ነው።

ለጥቂት ጊዜ ተራ በተራ አየችንና "እሺ" አለች።

"እሺ ይበልጣል ከሺ" ብለው መረቋት ጋሽ ወልደገብርኤል።

ሽምግልናው እንዴት እንደሠራ ብትሰሙ አታምኑም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ዘሪቱ አንድ ቀን እንኳ አልዘገየችም። ነሐሴ ላይ የሥራ ሰዓት በማክበር የምስጋና ወረቀት ተሰጣት። ጋሽ ወልደገብርኤል ይህን ሲሰሙ "ምክር የሚሰማ ሰው እንዲህ ነው" አሉ፣ እኔም በኮሚቴው የሥራ ክንውን ሪፖርት ውስጥ አስገባሁት። በለገሠ በኩልም በረከቱ ጎረፈ። ቀዮ ድሮ ቅዳሜ ጠዋት እያሳለች፣ ሦስት አራት ጊዜ ተለምና ነበር የምትነሣው። አሁን ቁልፉ ገና ሲነካ ትነሣለች። "የውልወላ ውጤት ነው" ይለናል ለገሠ፣ እኛም የውልወላን ጥቅም ተረዳን። ዳሽቦርዷ ላይ ያለውን የማይል ቁጥር ለምን አላየም ትሉ ይሆናል። የማይል ቁጥር የሚያየው የሚነዳ ሰው ነው።

ኅዳር 2007 ላይ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ስድስተኛው ፈተና ደረሰ። ለገሠ ብርድ ልብሱን ገለጠ፣ ጋሽ ወልደገብርኤል መረቁ፣ አስቻለው እሳት ማጥፊያውን ታቅፎ ከኋላ ተሸጎጠ። ኦሮራ ያለው ጣቢያ ስንደርስ ጳውሎስ ጠበቀን። ጳውሎስ የኛው ልጅ ነው፣ እዚያ መርማሪ ሆኖ ይሠራል። ዘመድ እንደሌለው ሰው ቆመን አንፈተንም ብለን በየዓመቱ እሱ መስመር ላይ ነው የምንሰለፈው።

"እሳት ማጥፊያውን መልሱት፣ አልፈልገውም" አለ እንደ ወትሮው።

"ለማንኛውም ይታይልን" አለ አስቻለው።

ቱቦው ገባ፣ ሞተሯ አጓራ፣ ወረቀቱ ወጣ። ጳውሎስ ወረቀቱን አይቶ መልሶ ቀዮን አየ።

"አለፈች" አለ።

ጋሽ ወልደገብርኤል ኮፍያቸውን አወለቁ። አስቻለው ማጥፊያውን እንደ ዋንጫ ወደ ላይ አነሣው።

"ቆይ፣ ማለፏ አይደለም የገረመኝ" አለ ጳውሎስ። "እስከ ዛሬ ለጥቂት ነበር የምታልፈው። ዘንድሮ ግን ጭሷ ንጹሕ ነው። ለገሠ፣ ምን አደረግካት?"

"እንክብካቤ!" አለ ለገሠ ደረቱን ነፍቶ።

"መንዳት መጀመርህ ነው የጠቀማት። የቆመ መኪና ቤንዚኑ ይበላሻል፣ ሞተሩ ጥላሸት ይይዛል። በደንብ ሲነዳ ይጠራል።"

"እኔ መች ነዳኋት?"

"እንዴ! በየዓመቱ አሥራ አራት ማይል ነበር የምትጨምረው። ካለፈው ኅዳር ወዲህ ግን አምስት ሺህ አንድ መቶ ስድስት ሄዳለች።"

 አስቻለው "ብርድ ልብሱን እንደለበሰች?" ሲል ጠየቀ።

"ቁጥሩ ስህተት ነው!" አለ ለገሠ።

"ማይሉ ስህተት ነው ካልክ ወረቀቱ በሙሉ ይሰረዛል" አለ ጳውሎስ። "ልሰርዘው?"

ለገሠ ወረቀቱን አየው። በአንድ በኩል ቀዮ በዕድሜዋ አምጥታው የማታውቀው ውጤት አለ፤ በሌላ በኩል ቤቱ ውስጥ ዘጠኝ ወር ሙሉ የተፈጸመ ነገር አለ። ሁለቱ አንድ ወረቀት ላይ ነው የታተሙት። 

"ትክክል ነው" አለና ተቀበለ።

ወደ ለገሠ ቤት ተመለስን። ትርፍ ቁልፉ የሚሰቀለው ወጥ ቤት ነው፤ ወጥ ቤት የሚገባው ደግሞ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ዘሪቱን የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ለከሰዓቱ ፈረቃ ልትወጣ ስትል ደረስንባት።

"ነድተሻታል?" አላት ለገሠ ጫማውን ሳያወልቅ።

"ነድቻታለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሽምግልናው ማግሥት። አንተ ስትወጣ እወጣለሁ፣ ሳትመለስ እመለሳለሁ። ቤንዚኗን ሞልቼ፣ አጥቤ፣ ሞተሯ ሲበርድ ብርድ ልብሷን አለብሳታለሁ። ምን ላድርግ? ልባረር?"

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ አፈርኩ። ያ የሥራ ክንውን ሪፖርት ኪሴ ውስጥ ነበር፣ በእሷ የምስጋና ወረቀት የተመጻደቅንበት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሽ ወልደገብርኤል ግን ሰብሳቢ ናቸው፤ ሰብሳቢ አያፍርም። ሶፋው ላይ ተቀመጡና አስቸኳይ ስብሰባ መከፈቱን አስታወቁ።

"ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ" ብለው ጀመሩ፤ ምሳሌውን ግን ሳይናገሩት አለፉ። "ጥፋት ቢኖርም ልማት ተገኝቷል። የባለሙያው ቃል እንደሚያስረዳው መኪናዋን የጠቀማት መነዳቷ ነው። ጸሐፊ፣ ጻፍ። የመኪናዋን የማለፍ ብቃት አስጠብቆ ለማስቀጠል፣ ቀዮ ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ ትነዳ።"

ጻፍኩ። አስቻለው ማኅተሙን በትንፋሹ አሞቀው፣ እኔ መታሁት። ጋሽ ወልደገብርኤል ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ለዘሪቱ ዘረጉ። "በይ ልጄ፣ ተፈቅዶልሻል" አሏት፣ የንጉሥ ምሕረት እንደሚያደርስ ሰው ፈገግ ብለው።

ዘሪቱ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ጋሼ፣ ማን እንደሚነዳት አይልም።"

"አንቺ ነሻ!"

"እዚህ ላይ ያለው 'ትነዳ' ነው። 'ዘሪቱ ትንዳት' አይልም።"

ጋሽ ወልደገብርኤል ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ! ምን ብለህ ነው የጻፍከው?"

"እርስዎ እንዳሉት ነው ጋሼ። ትነዳ።"

ዕድሜ ልካችንን በዚህ ዓይነት ቃል ኖረናል። ይታይ፣ ይጣራ፣ ይፈጸም ብለን ጽፈን ማንም ከወንበሩ ሳይነሣ ስንቱን ጉዳይ ዘግተናል። ይታይ ሲባል የሚያየው ማን ነው ብሎ የጠየቀን ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

"እንግዲህ ትነዳ" አለች ዘሪቱ። "እኔ ዘጠኝ ወር በቃኝ። ማሞቂያዋ አይሠራም፣ እጄ እስኪደነዝዝ ነው የምይዛት። ስለ ጭሷ የሚጨነቅላት ሰው ይንዳት።" ከዚያ ለባሏ እጇን ዘረጋች። "የኮሮላዋን ቁልፍ።"

"ዘሪቱ፣ በረዶ እየጀመረ ነው" አለ ለገሠ። "በረዶው እንዲቀልጥ መንገዱ ላይ ጨው ይረጫሉ። ቀለሟስ?"

"ጋሼ፣ ውሳኔው ይነሣልኝ" ብሎ ለገሠ ወደ ጋሽ ወልደገብርኤል ዞረ። እሳቸውም ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱና "ደርቋል" አሉ። ቁልፉን ሰጣት። ዘሪቱ ደኅና ዋሉ ብላ ወጣች፣ ፈረቃዋም አላለፋትም።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። ለገሠ በሁለት ጓንት እየነዳ፣ ጨው እየጠረገ፣ ቀይዋ እየነጣች ስትሄድ እያየ ቆየና አንድ ቀን ደወለልኝ።

"ልሸጣት ነው" አለኝ። "አንተ ጽሑፍ ላይ ደህና ነህ፣ ማስታወቂያ ጻፍልኝ። የእኛ ሰዎች ምን አይተው እንደሚገዙ ታውቀዋለህ።"

"ምን ብዬ ልጻፍ?"

 "በየዓመቱ ቦሎ ያለፈች በል" አለ። "ደግሞ... በሴት የተያዘች በልልኝ።"

ጻፍኩለት። በዚያው ሳምንት ሁለት ሰዎች ደወሉ። ሁለቱም ስለ ጭሷ አልጠየቁም፤ ሁለቱም ሴትየዋን አገናኘን ነው ያሉት።