ማይክ ፊት የለውም

ይቺን ወሬ ሳልነግራችሁ ብውል ሆዴን ይቆርጠኛል፤ እስቲ ቁጭ በሉ። ሰውዬው ከትምህርት ጋር ገና በልጅነቱ የተጣላ ነው። ስለ ማይክና ስለ ድምፅ ኤዲቲንግ ግን የማያውቀው ነገር ስለሌለ ሰፈሩ በሙሉ «ፕሮፌሰር» ነው የሚለው። የሚኖረው እህቱ ቤት፣ የመጋረጃ ጥቅልል የተደረደረበት ጓዳ ውስጥ። ጓዳው የባሏ ነው፣ የመጋረጃ ሰፊው፤ ፕሮፌሰሩ «ጋሼ» ይለዋል።

እህትየው ትናንት ቁርጡን ነግራዋለች። አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ስለ ድምፅ ዕቃና ስለ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ዜና የሚያቀርብ ሰው ይፈልጋል። ፕሮፌሰሩ ስራውን ካገኘ ጓዳው ስቱዲዮ ይሆናል፤ ካላገኘ ፍራሹን ይዞ ይወጣል። ናሙናው ዛሬ ጠዋት መላክ አለበት። እናም ፕሮፌሰሩና ጋሼ አንድ ማይክ መሃላቸው አቁመው፣ ጠረጴዛው ግራና ቀኝ ተቀምጠው ይነታረካሉ።

ጋሼ፦ እኔ እምልህ፣ የዚህ ነገር ፊቱ በየት በኩል ነው?

ፕሮፌሰሩ፦ ማይክ ፊት የለውም ጋሼ። ሁለመናው ጆሮ ነው።

ጋሼ፦ እዚህ ጋ ትንሽ ምልክት አለች። ልብ ትመስላለች።

ፕሮፌሰሩ፦ ጌጥ ናት። ፋብሪካው ደንበኛውን እንደሚወድ ለመግለጽ ነው።

ጋሼ፦ እና ወደ እኔ ላዙራት? ጀርባውን ከሰጠኝ ነገር ጋር ማውራት ይከብደኛል።

ፕሮፌሰሩ፦ ከፈለግክ ወደ ጣሪያ አዙራት! ይልቅ ስራህን ስማ። ዜናውን እኔ እናገራለሁ፤ አንተ መሃል መሃል ላይ ትገረማለህ።

ጋሼ፦ [ማይኩን በሁለት እጁ፣ እንግዳ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ያዞራል] ካልገረመኝስ?

ፕሮፌሰሩ፦ ይገርምሃል።

ጋሼ፦ እሺ፣ ይገርመኝ። ይሄ የጆሮ ማዳመጫስ? ትንሽ ቀድተን ሰምተን ብናየው?

ፕሮፌሰሩ፦ የጆሮ ማዳመጫ ራሱን ለማያምን ሰው ነው። ስናገር ራሴን እየሰማሁ አይደል እንዴ?

ጋሼ፦ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል።

ፕሮፌሰሩ፦ እሱ የድሮ ጆሮ ነው። ዝም በል፣ ቀዩ መብራት በርቷል። [ጉሮሮውን ይጠርጋል] ውድ አድማጮቻችን! የሳምንቱ ትልቁ ዜና! ሳሎን ተቀምጠህ ጎረቤት ሲያስብ የሚያሰማህ አዲስ ማይክ ወጣ!

ጋሼ፦ ለምን?

ፕሮፌሰሩ፦ [በሹክሹክታ] ተገረም እንጂ!

ጋሼ፦ አልገባኝማ። የድሮው ምን ሆነ?

ፕሮፌሰሩ፦ የድሮውማ ጃጅቷል! ያሁኑ መቅረጫ ብትጮህበት፣ ብታንሾካሹክበት፣ ድምፅህን አያበላሽም!

ጋሼ፦ የሚናገረው ሰውዬ የሚለው ነገር ባይኖረውስ?

ፕሮፌሰሩ፦ [ላብ ላብ እያለው] ወደ ሁለተኛው ዜና! የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች «እእእ» የምትለዋን ሁሉ ራሳቸው ለቅመው የሚጥሉበት ዘመን ደረሰ!

ጋሼ፦ እእእ...

ፕሮፌሰሩ፦ እሷኑ!

ጋሼ፦ እያሰብኩ ነበር እኮ። ሰው ሲያስብ ይቆርጡታል?

[ፕሮፌሰሩ የቀረውን ዜና ባንድ ትንፋሽ፣ ፖሊስ እንደሚያባርረው ሰው ተናግሮ ጨረሰ። ጋሼ አንዴ አዛጋ፣ አንዴ «ይሁና» አለ።]

እህትየው፦ [ከበሩ ውጭ] አልቆላችኋል ወይስ ፍራሹን ልጠቅልል?

ፕሮፌሰሩ፦ አንድ ደቂቃ! [ኮምፒዩተሩ ላይ ይደፋል] አየህ ጋሼ፣ ይሄ ፕሮግራም ዋናውን ድምፅ ያስቀራል፤ ከሩቅ የሚያጉረመርመውን ጠራርጎ ይጥላል።

ጋሼ፦ ዋናው የማን እንደሆነ በምን ያውቃል?

ፕሮፌሰሩ፦ ጎላ ብሎ የተሰማው ነዋ። ያንተ ትንሽ ሊቆራረጥ ይችላል፣ እንዳትቀየም።

ጋሼ፦ አልቀየምም። አንዴ ግን ሰምተነው ብንልከው?

ፕሮፌሰሩ፦ አንተ መጋረጃ ሰፍተህ ስትጨርስ ትለብሰዋለህ?

ጋሼ፦ አልለብሰውም። ሰቅዬ ግን አየዋለሁ።

ፕሮፌሰሩ፦ ተልኳል።

[ከሰዓት በኋላ ስልኩ ይጠራል። ፕሮፌሰሩ በር ላይ የቆመችው እህቱ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል።]

የጣቢያዋ ሴት፦ የላካችሁትን ሰማነው። ቢሮው በሙሉ ተሰብስቦ ነው የሰማው።

ፕሮፌሰሩ፦ [ወደ እህቱ እያየ] ጠብቄ ነበር።

የጣቢያዋ ሴት፦ እርስዎ... አይ፣ ይሄ ድምፅ አይደለም። ያ ሰውዬ የለም?

ፕሮፌሰሩ፦ የቱ ሰውዬ?

የጣቢያዋ ሴት፦ ያ ረጋ ያለው። «ለምን?» ይልና ጭጭ። «የድሮው ምን ሆነ?» ይልና ጭጭ። መልሱን ለአድማጩ ትቶ! «የሚናገረው ሰውዬ የሚለው ነገር ባይኖረውስ?» ሲል አለቃችን ብድግ አለ። ሲያዛጋማ አጨበጨብን።

ጋሼ፦ እእእ...

የጣቢያዋ ሴት፦ እሱ ነው! ራሱ ነው!

ፕሮፌሰሩ፦ እመቤት፣ መሃል ላይ እኮ እኔ ነበርኩ! ዜናውን የማቀርበው!

የጣቢያዋ ሴት፦ መሃል ላይ ያለው ዝምታ ነው። ብቻ አንድ ሁለት ቦታ የሆነ ነገር ከሩቅ ጥዝዝ ይላል፤ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ዓይነት።

ጋሼ፦ እሱ የባለቤቴ ወንድም ነው።

የጣቢያዋ ሴት፦ ምንም ይሁን። ስራው የእርስዎ ነው፤ ክፍሉም ድምፁ ግሩም ስለሆነ እዚያው ይቅረጹ። ብቻ ቀረጻ ከመጀመርዎ በፊት ያ ነገር ከክፍሉ ይውጣ።

[ስልኩ ይዘጋል። ፕሮፌሰሩ ማይኩን ያየዋል። በሱ በኩል ልሙጥ ነው። ልቧ ጋሼን እያየች ነው። ከኋላው ፍራሽ ሲጠቀለል ይሰማል።]

ፕሮፌሰሩ፦ ጋሼ... መቼም አንተ እንደሷ አትጨክንም።

ጋሼ፦ እኔ መች ጨከንኩ። ያቺን የጆሮ ማዳመጫ አድርግና ደጅ ቁጭ በል፤ ስገረም ትሰማኛለህ። ኬብሉ እስከ በረንዳ ይደርሳል።

እናንተስ? ለማይክ ጀርባ ስታወሩ የዋላችሁበት ቀን የለም? እስቲ ንገሩኝ፣ እኔ ዝም ብዬ ልገረም?