ስም ሲጠራ ከፍ የምትል ቁጥር

አንዳንድ ጥያቄ አለ፣ ጠያቂው ክፋት ሳያስብ ይጠይቀውና ተጠያቂውን ብርድ ብርድ ያሰኘዋል። «ስንት ልጅ አለሽ?» የሚለው አንዱ ነው። አንተ ከተሜው አንባቢዬ «ምን አለበት? ሁለት ብሎ ዝም ነው» ትለኝ ይሆናል። እኔ ለውዝ እየነገድኩ በኖርኩበት፣ አሶሳ አጠገብ ባለችው በሆሞሻ በኩል ግን የማውቃቸው እናቶች ልጆቻቸውን በቁጥር አይናገሩም። ቁጥር ክፉ ዓይን ይጠራል። «ስንት ናቸው?» ብትላት «እንግዲህ አሉ፣ አልሐምዱሊላህ» ትልህና ወሬውን ወደ ዝናቡ ታዞረዋለች። ስማቸውን ጠይቃት ግን! ከበኩሯ ጀምራ ጡት እስከሚጠባው ድረስ ሳትተነፍስ ትወርድልሃለች። ስም ምርቃት ነው፤ ቁጥር የከብት ነው።

ይህን በትምህርት ያገኘሁት እንዳይመስልህ። የኔ ትምህርት ፊደል ለይቶ የሱቅ ማስታወቂያ ማንበብ ላይ አብቅቷል። የሆሞሻን ሰዎች ቋንቋ፣ በርታኛን፣ ግን ገበያ አስተማረኝ፤ በዋጋ ስከራከር የሰማኝ ሰው ወለጋ መወለዴን ይጠራጠራል።

ታዲያ ክልላችን ገና አዲስ በነበረ ጊዜ፣ አሶሳ ውስጥ ከወንበሩ ቢሮው፣ ከቢሮውም ስብሰባው በበዛበት ጊዜ፣ የወንድሜ ልጅ ሲፈን ኮምፒውተር ተምራ ከነቀምት መጣችና ተቀጠረች። የመጀመሪያ ሥራዋ ሆሞሻ ሄዶ ለአጎበር ቤተሰብ መመዝገብ ሆነ። ክረምቱ እየመጣ ነው፤ ከክረምቱ ጋር ወባ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ላይ የሰፈረው የልጆች ቁጥር ታይቶ ለሁለት ልጅ አንድ አጎበር ይሰጣል፤ ነጠላ የቀረው ከወንድም እህቶቹ ጋር ይጣበብ ተብሏል። ያልተቆጠረ ልጅ ለትንኝ ቀረ ማለት ነው። ሲፈን በርታኛ አትሰማም። «አዳዳ፣ ነይና አስተርጉሚልኝ» አለችኝ። እኛ ወለጋዎች የአባትን እህት አዳዳ ነው የምንላት። አዳዳ ተብዬ እምቢ ልል?

በፒክአፕ ሄድን። ለኮምፒውተሩ ፍራሽ ተነጠፈለት፤ ለኔ ጄኔሬተሩ ተሰጠኝ፣ እንድደገፈው።

የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ «ልጆች» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። በውስጧ ቁጥር፣ በጎኗ ሁለት ሚጢጢ ቀስቶች፦ አንዷ ወደ ላይ፣ አንዷ ወደ ታች። የላይኛዋን በማውስ አንዴ ጫን ሲሉ ቁጥሩ በአንድ ከፍ ይላል። ይህች ሳጥን ለሆሞሻ እናቶች ታስባ የተሠራች ነው የመሰለኝ! እናትየው አንድ ስም ትጠራለች፣ ሲፈን ቀጭ ታደርጋለች፤ ሌላ ስም፣ ቀጭ፤ ማሻአላህ፣ ቀጭ። ቁጥር የጠየቀም የተናገረም የለም። ሦስት ሚስት ያላቸው አንድ ሽማግሌ የልጆቻቸውን ስም ጠርተው ሲጨርሱ ጣታቸውን ወደ ማሽኑ ቀስረው፣ በራሳቸው አማርኛ «ይሄ ልጅ ጨዋ ነው። ስንት አይልም። ከእናንተ ሰው ይሻላል» አሉን።

ከአሶሳ አብረውን የመጡት የሲፈን አለቃ ግን ሰልፉን አይተው ተቆጡ። «በዚህ አያያዝ ትንኟ ትቀድመናለች! መኪናው ነገ ማታ ይመለሳል፤ ያልተመዘገበ አጎበር የለውም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ መንገዱን ይዞ ነበር።

ሲፈን ምሳዋን ትታ ስክሪፕት የሚሉትን ነገር መጻፍ ጀመረች።

«ደግሞ እሱ ምንድን ነው?»

«ለኮምፒውተሩ የሚጻፍ ትእዛዝ ነው፣ አዳዳ። ቁጥሮቹን ባንድ መስመር እሰጠዋለሁ፤ እሱ ራሱ በየሳጥኑ ይሞላል፣ ያስቀምጣል፣ ወደሚቀጥለው ቤተሰብ ያልፋል።»

«እኔ ቁጭ ብዬ፣ እሱ ሳይነጫነጭ ሊሠራ?»

«አዎ።»

«እንዲህ ያለ ባል ነበር የጠፋብኝ!» ብዬ በበርታኛ ደገምኩት፤ ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

መጀመሪያ ላይ ሳጥኗ አኮረፈች። ስክሪፕቱ ቁጥር ቢጽፍባትም የምታስቀምጠው የቀድሞዋን ዜሮ ሆነ። ለካ ከእሷ ወጥተው ወደ ሌላ ሳጥን ካልተሻገሩ የተጻፈባትን አታምንም! ሲፈን መሻገሪያውን ጨመረችበትና ታረቁ። ከዚያማ በረረ።

ችግሩ፣ አሁን ቁጥሩን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። «ስንት ልጅ አለሽ?» ብዬ አስተረጎምኩ፤ አፌ እምቢ እያለኝ።

«ጥቂት ናቸው።»

«ጥቂት ማለት?»

«ሁለት፣ ሦስት…»

ቀጥላ የመጣችውም ሁለት ሦስት። የእሷም ተከታይ። አለቃው ሰዓታቸውን እያዩ ፈገግ አሉ። ሲፈን ቀና ብላ በመስኮት ብታይ፣ ግቢው ውስጥ ያለው ማንጎ ከፍሬው ይልቅ ልጅ አፍርቷል። መስታወቱ ላይ ግን ሆሞሻ ልጅ የጠፋባት አገር ሆናለች።

«ይህን ሁሉ ልጅ ለትንኝ ልትሰጪው ነው?» አልኳት።

«እነሱ ናቸው ያሉት፣ አዳዳ! እኔ የሰጡኝን ነው የምሞላው» አለች። ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ። ከዚያ ድንገት «ቆይ» አለች። «ቁጥሩ ይቅር። ስሙን ብጽፍለትና በየስሙ የላይኛዋን ቀስት አንዴ እንዲጫን ባዘውስ? ሌላውን ሳጥን እንደሆነ ራሱ ይሞላዋል።»

እዚያው አስተካከለችው። በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም መልሰን ጠራናቸው። ሴቶቹ «ማሽናችሁ አደብ ገዛ?» እያሉ እየተሳሳቁ ገቡ። እኔ ስም እቀበላለሁ፣ ሲፈን ትጽፋለች፣ ቁጥሩ ማንም ሳይነካው ከፍ ከፍ ይላል። ሰልፉ ቀለጠ፤ አለቃው ሳይቀሩ «በርቺ» አሏት።

ወደ መጨረሻው ላይ ዘሃራ ገባች፤ ለውዝ የምትሸጥልኝ፣ ከማሳዋ ቀጥታ የምታመጣልኝ ናት። ትንሿ ልጇ ቀሚሷን ይዛ ቆማለች። ዘሃራ ሁሌም እንደምትጠራቸው ጠራች፦ «ረመዳን፣ ሐዋ፣ ኢብራሂም፣ ሳዲያ።» እኔም እንደ ሰማሁት አስተላለፍኩ። ቁጥሩ አራት ላይ ቆመ።

ጎንበስ ብዬ ለሲፈን በኦሮምኛ «ኢብራሂም አምና በወባ አርፏል፤ ለቅሶው ላይ ነበርኩ» አልኳት።

ሲፈን ማውሱን ያዘች። ወደ ታች የምትወስደውን ቀስት ስክሪፕቱ አያውቃትም፤ በእጅ ነው የምትጫን። እጇ እዚያ ደረሰና ቆመ። ዘሃራ ቀስት ምን እንደሆነ አታውቅም፤ የቆመ እጅ ግን ታውቃለች።

«የረሳሁት አለ?» አለች። መልሳም ከበኩሯ ጀመረች፤ «ረመዳን፣ ሐዋ፣ ኢብራሂም፣ ሳዲያ።» የእናት አጠራር እንደ ጨሌ ነው፤ ከመሃል አንዱን ብታወጣው የቀሩት ይበተናሉ።

«የለም፣ አንድም አልረሳሽም» አልኳት።

«ምንድን ነው? ማሽኑ ቆመ?» አሉ አለቃው ከኋላ።

«አይ ጋሼ» አለች ሲፈን፣ ማውሱን ለቀቅ አድርጋ። «ጨርሰናል። የሚቀጥለው ይግባ።»

አጎበሩ ከታደለ በኋላ ለውዝ ልገዛ ዘሃራ ቤት ሄድኩ። ሁለት አጎበር ተሰቅሏል። ባንደኛው ረመዳንና ሐዋ ይተኛሉ፤ ሌላው ሥር የሳዲያ ትንሽ ምንጣፍ ብቻ ተዘርግቷል።

«ለብቻዋ ነው እንዴ የተንደላቀቀችው?» አልኳት፣ ቀልድ አድርጌ።

«ከኢብራሂም ጋር ናት» አለችኝ፣ ቀና ሳትል ለውዙን እየሰፈረች።

ዝም አልኩ። እኔን ዝም ያሰኘ ሰው ሆሞሻ ውስጥ ሌላ የለም። ዘሃራም ዝም ማለቴን አይታ ወዲያው ዋጋ ጨመረችብኝ።