ትርንጎ ቅርስ የሆነችበት ቀትር

ትናንት በቀትር፣ ድሬዳዋ ሱቋን ዘግታ፣ መስኮቷን ገርበብ አድርጋ በምትተኛበት ሰዓት፣ የከዚራ ሰፈሯ ትርንጎ ሕልም አየች። እንዲህ ያለውን ሕልም ጠላቴም አይየው። ሰው ሲተኛ ያርፋል እንጂ ይናደዳል እንዴ? እሷ ግን ከነንዴቷ ተኝታ፣ ከነንዴቷ አልማ፣ የባሰ ንዴት ላይ ነቃች።

መጀመሪያ ከሕልሙ በፊት የነበረውን ልንገራችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ትርንጎ የባቡር ሠራተኛ ሚስት ነበረች፤ ባሏ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች። ቤቷ ባቡሩ ሲገባ አብሮ የተሠራ፣ በረንዳው በእንጨት ጥልፍ ያጌጠ አሮጌ ቤት ነው። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ዕለት ትርንጎ እልል ብላ ጎረቤት ጠርታለች። አይ አለማወቅ! ከዚያን ቀን ጀምሮ በገዛ ቤቷ ሚስማር መምታት ክልክል ሆነ። ከመኝታዋ በላይ ያለው የጣራ ወራጅ እንጨት ጎብጦ ጎብጦ ሊወርድባት ምንም አልቀረው። አልጋዋን ከዚህ ጥግ ወደዚያ ጥግ ስትጎትት ከረመች። በበልጉ ዝናብ ከሚያፈሰው ጣራ ሥር የላስቲክ ባልዲ ብታስቀምጥ፣ ከአሮጌ ቤቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የመጣው ባለሙያ ባልዲውን ገረመመው።

“ይሄ ከቤቱ ዘመን ጋር አይሄድም። አንሺው።”

“ዝናቡስ ከቤቱ ዘመን ጋር ይሄዳል?” አለችው።

“ዝናብ በእኛ ሥልጣን ሥር አይደለም” አላትና ሄደ። የምሩን እኮ ነው።

ለጥገና ፈቃድ እግሯ እስኪቀጥን ተመላለሰች። በስንት ልመና፣ “ማክሰኞ እንደውልልሻለን፤ ስለ ቤቱ ሐሳብሽን እንጠይቅሻለን፤ የምትይውም የመጨረሻ ነው። ካላነሳሽ ግን ተራሽ ከክረምቱ በኋላ ነው” አሏት። ያ ወራጅ ደግሞ ክረምቱን እንደማያልፍ እንኳን ትርንጎ፣ ጣራው ላይ የምትውለው ርግብም ታውቃለች።

ጥሩ፣ ይደውሉ። በምን ስልክ? ደወል የሚባለው የስልክ ኩባንያ ምን እንደነካካ እንጃለት፣ ወደ ትርንጎ የሚደወለው ሁሉ ሳቢያን ሰፈር ጎማ የሚለጥፈው ሙክታር ጎሚስታ ጋ መግባት ጀመረ። እሷ ወደ ሌላ ሰው ስትደውል ይሠራል፤ ለእሷ የሚደወለው ግን አንድም ሳይቀር እሱ ጋ ነው። ሐረር ያለችው እህቷ ደውላ “የትርንጎን ስልክ ምን አባክ ልታደርግ ያዝክ?” ብላ ስንት ጊዜ ሰድባዋለች መሰላችሁ። ሰውዬውም በእጁ ክሪክ ይዞ፣ በጆሮው ስድብ ሲሰማ አንጀቱ አሯል።

ትናንት ማክሰኞ ነበር። መንግሥት ለስልክ ደንበኞች ጥበቃ የሚሆን መመሪያ ማውጣቱን ትርንጎ በሬዲዮ ሰምታለች። እንግዲያው መብቴ ነው አለችና ከጧት ጀምራ የኩባንያውን የደንበኞች መስመር ይዛ ቁጭ አለች። “ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው” ይላታል። ከዚያ ክራር ይመታል። ከዚያ ደግሞ ጥሪዋ ክቡር ነው። እንዲህ ስትከበር ውላ፣ ቀትር ላይ ስልኩን ደረቷ ላይ እንዳስቀመጠች ሸለብ አደረጋት።

በሕልሟ በሩ ተንኳኳ። ከፈተች። ከደጃፏ ጀምሮ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሰልፍ ነው። የስልክ ኩባንያው ሠራተኞች ከረባታቸውን እንዳሰሩ በጠራራው ፀሐይ ወረፋ ይዘዋል፤ ግማሾቹ በቦታቸው ድንጋይ አስቀምጠው ጥላ ፍለጋ ሄደዋል። ከፊት የቆመው ዋና ሥራ አስኪያጁ ነው። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

“እመቤቴ፣ ቅሬታዎን ሊሰጡን ይችላሉ?” አላት አቀርቅሮ።

ትርንጎ ክው አለች። ድሬ ውስጥ እኮ አለቃም አንተ ነው፣ አያትም አንቺ ናት። በዕድሜዋ እርስዎ ብሎ የጠራት አንድ ሐኪም ብቻ ነው፤ ያን ቀን የባሏን ሞት ነበር የነገራት።

“እርስዎ አትበለኝ! ምን ሆኜ ነው?”

“ቅሬታ ሳንይዝ ከተመለስን ሚስቶቻችን በር አይከፍቱልንም። ትንሽም ትሁን። የቆየችም ብትሆን እንወስዳለን።”

ትርንጎ ልታዝን ነበር። አፏ ግን ቀደማት። “ሲስተም የለም። ነገ ተመለሱ” አለችና በሩን ጠረቀመችባቸው። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ አላት፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ከውጭ “ነገ ስንት ሰዓት እመቤቴ?” ሲሉ ሰማቻቸውና ጭራሽ አልመለሰችም።

ወዲያው ከስልኩ ውስጥ የሆነ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። በድምፅ ማውጫው ቀዳዳ መጀመሪያ ክራር ወጣ፤ ቀጥሎ አንድ ድንክዬ ሽማግሌ ክራሩን ተከትሎ እየተጠማዘዘ ወጣ።

“ውኃ” አለ።

ሰጠችው። እስኪጨርስ ጠብቃ ያዘችው። “አንተ ነህ እንዴ ጧት ማታ አንዷን ዜማ የምታላዝንብን?”

“ምን ላድርግ? ዘፈኑ ሁለተኛ ስንኝ አለው። እዚያ ሳልደርስ ሰው ሁሉ ተናዶ ይዘጋዋል። እስከ ዛሬ አንድም ሰው አልሰማልኝ።”

“በል አሁን ዝፈነው፤ እኔ እሰማሃለሁ።”

ሽማግሌው ደስታው ዓይኑን በእንባ ሞላው። ክራሩን ቃኘ፣ አፉን ከፈተ፤ በዚህ ጊዜ በመንገዱ አንዲት ግመል ድምፅ ማጉያ ባንገቷ አንጠልጥላ መጣችና ጮኸች።

“ይሰማ! ይሰማ! የስልክ ደንበኞች ጥበቃ መመሪያና የአሮጌ ቤቶች አስተዳደር መመሪያ በጀት ለመቆጠብ ሲባል ተዋህደዋል! ከአሁን ጀምሮ ቤቶች ደንበኞች ናቸው! ደንበኞች ደግሞ ቅርስ ናቸው! ያልሰማችሁ ያልሰማችሁትን ይዛችሁ ቅረቡ!”

የትርንጎ ቤት ይህን ሲሰማ ተንጠራራ። ቆርቆሮው ተንቋቋ፣ አቧራው ቦነነ። በረንዳውን እንደ ቀሚስ ጫፍ ከፍ አድርጎ ተነሣና ስልኳን ከእጇ ወስዶ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ደወለ። በመጀመሪያው ጥሪ ተነሣለት! ትርንጎን በሕልሟ ውስጥ ካናደዳት ሁሉ ይህ በለጠባት። ስንት ዘመን ግድግዳ ሆኖ የኖረ ቤት ገና እንደደወለ!

“ሃሎ” አለ ቤቱ። “ስለ ነዋሪዬ ነበር። አርጅታለች። ጉልበቷ ይንቋቋል፣ ስትተኛ ታንኮራፋለች፣ ከላይ ሁለት ጥርስ የላትም። ላስጠግናት ፈልጌ ነው።”

“ፈቃድ አለህ?”

“የለኝም።”

“እንዳትነካት። ባለሙያ እንልካለን።”

እንዴት እንደደረሰች ሳታውቅ ትርንጎ ራሷን የጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ አገኘችው። ቤቶች በረድፍ በረድፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ አሮጌ ዳቦ ቤት እግሩን አነባብሮ ጋዜጣ ያነባል። አንድ ሲኒማ ቤት በሩን በሰፊው ከፍቶ ያዛጋል። ሰዎቹ ደግሞ ግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰቅለዋል፤ የሰፈሯ ፀጉር አስተካካይም አለበት፣ አንገቱን ማዞር ተከልክሎ በዓይኑ ብቻ ሰላም አላት።

ባለሙያው ተጠራ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባልዲው! ያ የላስቲክ ባልዲዋ፣ መነጽር ሰክቶ፣ ሜትር በእጀታው ላይ ጠምጥሞ።

“ይህ ሻርፕ ከነዋሪዋ ዘመን ጋር ይሄዳል?” አለ ዙሪያዋን እየዞረ።

“ከመጋላ ገበያ ነው የገዛሁት፤ ባለፈው ወር” አለች ትርንጎ።

“ይወለቅ። ጥርሷስ?”

“ላስተክል ነበር።”

“በጭራሽ! ክፍተቱ ታሪካዊ ነው።” ከዚያ ባንገቷ ላይ ቆርቆሮ ሰሌዳ አንጠለጠለባት። ያለ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ መሳቅ፣ ማንከስና መተኛት ክልክል ነው ይላል። እሷንም የመስተዋት ሳጥን ውስጥ ከተቷት። በበሯ ላይ ተሰልፈው የነበሩት የስልክ ኩባንያ ሠራተኞች አሁን ዘብ ሆነው ዙሪያዋን ቆሙ። ዋና ሥራ አስኪያጁ አፉን መስተዋቱ ላይ ለጥፎ “ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው” አላት፤ እስትንፋሱ መስተዋቱን አደበዘዘው።

“ምን ጥሪ? ጣራዬ ሊወድቅ ነው!” ብላ ጮኸች።

“እርስዎን አቧራ እንዳይነካዎት ብቻ ነው የታዘዝነው። ጣራ በእኛ ሥልጣን ሥር አይደለም።”

ትርንጎ ደሟ ፈላ። አካባቢዋን ስታማትር ቤቷን አየችው፤ ከአዳራሹ ጥግ ጎንበስ ብሎ ቆሟል።

“አንተ ቤት!” አለችው። “ሙሽራ ሆኜ የገባሁብህ አይደለሁም? በረንዳህን ስጠርግ አይደለም ወገቤ የጎበጠው? የባሌ አስከሬን የወጣው ካንተ አይደለም እንዴ? ይሄ ይገባኛል?”

ቤቱ ከጣራው አቧራ እየረገፈ ወደ ሳጥኑ ቀረበ።

“ትርንጎ፣ አንቺን ላስጠግን ብዬ እኮ ነው እዚህ የገባሁት” አላት። አንቺ ሲላት ልቧ ቦታው ተመለሰ። “እኔ ከራሴ ተስፋ ቆርጫለሁ። ያ ወራጅ ሲወድቅ አንቺ ከሥሩ እንዳትሆኚ ነው የምፈልገው። ልያዘው፣ ልያዘው እላለሁ፤ ደከመኝ።”

“እኔም አንተን ላስጠግን ብዬ ነው የምንከራተተው” አለችው፤ አለቀሰች። ስታለቅስ ከዘቦቹ አንዱ፣ “እንባው ኦሪጅናል ነው?” ብሎ ጠየቀ።

ባልዲው ጠረጴዛ ላይ ወጣ። “ውሳኔ!” አለ። “ነዋሪዋን መጠገን አይቻልም። ስለዚህ ፊቷ ብቻ ተጠብቆ ይቆያል፤ ከፊቷ በስተጀርባ ባለ ብዙ ፎቅ አዲስ ሴትዮ ትሠራለች።”

ቤቶቹ አጨበጨቡ፤ በርና መስኮቱ ሁሉ ተንኳኳ።

“ሙሉዋን ነው የምፈልገው!” ብሎ ቤቱ ጮኸ።

“ሐሳቧን ልንጠይቃት ደውለን ነበር” አለ ባልዲው። “አላነሳችም።”

“እዚሁ ነኝ! ከፊታችሁ ነኝ!” ትርንጎ መስተዋቱን በሁለት እጇ ደበደበች። ድምፅ አልወጣም። አፏን እስኪቀደድ ከፈተች፤ የወጣው የክራር ድምፅ ብቻ ነው። ቤቶቹ፣ ዘቦቹና ባልዲው ዜማውን ሰምተው ሁሉም በአንድ ላይ እጃቸውን ወደ አንድ ቀይ ቁልፍ ሰደዱ፤ ሊዘጉባት።

“ሃሎ? ሃሎ? ደንበኛችን፣ ይሰማዎታል?”

ትርንጎ ተስፈንጥራ ተነሣች። ስልኩ ደረቷ ላይ ነው። ወራጁም ከላይ፣ እንደጎበጠ ነው። ስልኩ ውስጥ የአንዲት ልጅ ድምፅ አለ።

“አለሁ! አለሁ እናቴ! እንዳትዘጊብኝ!” አለችና፣ ሙክታርን፣ ጎማውን፣ እህቷን፣ ጣራውን አንዱን ካንዱ እያምታታች ዘረገፈችው።

ልጅቷ አንድ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ አደረገች። “ተስተካክሏል። ከአሁን በኋላ ጥሪዎች ለእርስዎ ይገባሉ። ሌላ ምን ልርዳዎት?”

“አለቀ? በቃ?”

“አልቋል።”

ትርንጎ ልጅቷን መረቀቻት፤ ውለጂ፣ ክበጂ፣ አለቃ ሁኚ አለቻት። ጧቱን ሙሉ የበላት ንዴት ብን ብሎ ጠፋ። ለካ ሰው አለ፣ ለካ ሕግ አለ ብላ እግሯን ከአልጋው አወረደች። ስልኩን ገና ከመዝጋቷ ጮኸ። የራሷ ስልክ፣ ለራሷ ጮኸ!

“ትርንጎ ነሽ? ከአሮጌ ቤቶች ጉዳይ ነው” አለች አንዲት ሴት።

“ነኝ! ተመስገን! እህቴ፣ ስለ ጣራው...”

“ተረጋጊ፣ አይዞሽ፣ ጉዳይሽ አልቋል። ጧት ባወራነው መሠረት ጸድቋል።”

“ጧት? ከማን ጋር?”

“ካንቺ ጋር ነዋ! ‘ስለ ቤቱ ሐሳብሽ ምንድን ነው’ ስንልሽ፣ ‘ምን ቤት ቤት ትሉኛላችሁ፣ ከፈለጋችሁ አፍርሱት፣ እኔን ብቻ ገላግሉኝ’ አላልሽም? ባለቤቱ ካልፈለገው ቤቱ ከቅርስነት ይሰረዛል። አፍራሾቹ ወጥተዋል፤ ቶሎ ብለሽ ዕቃሽን አውጪ።”

ትርንጎ ተነሥታ ቆመች። ከውጭ የመኪና ፍሬን ሲጮህ፣ መሰላል በረንዳው ላይ ሲደገፍ ሰማች።

“እኔ አይደለሁም!” አለች። “ሙክታር ነው! የሳቢያኑ ጎሚስታ ነው! በፈጣሪ፣ የወንድ ድምፅ መሆኑን አልሰማችሁም?”

ሴትዮዋ ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማ።

“ሰምተናል” አለች። “ጉንፋን ይዟት ነው ብለን ነው። እግዜር ይማርሽ።”