ጠበቃው አያ ሐጎስ

ኧረ ለመሆኑ፣ የገዛ ደንበኛውን የሚያፋጥጥ ጠበቃ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ መቐለ ነበረን። አያ ሐጎስ ዕድሜያቸውን ሙሉ በመንግሥት መርማሪነት ሙሰኛ ሲያስለፈልፉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ጥብቅና ጀመሩ። የመጀመሪያ ደንበኛቸው በሙስና የተከሰሰ የመጋዘን ኃላፊ ነበር። ችሎት ፊት ሊከላከሉለት ተነሡ፤ ግን የለመዱት አልለቅ አላቸውና ወደ እሱው ዞረው አፈጠጡበት።

«በዚያች ደመወዝ ፎቁ እንዴት ቆመ?»

ሰውየው ደነገጠ። «አያ፣ የእኔ ጠበቃ እኮ ነዎት!»

«እሱን ተወውና መልስ!»

መለሰ። ዐቃቤ ሕጉ አፉን እንኳ ሳይከፍት ረታ። ከዚያ ወዲያ ማን ደፍሮ ይቅጠራቸው?

ዛሬ አንደበተ ርቱዕ ጠበቃ ሞልቷል። እኔ ግን ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ ውስጥ አዲስ ፎቅ ባየሁ ቁጥር አያ ሐጎስ ይናፍቁኛል።