አምሐ የአናጢውን የዓመት ዕረፍት ያስከበረበት ዘመቻ

በ፲፱፻፸፬ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ አብዮቱ በፈነዳ በስምንተኛው፣ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ መሸጥ በጀመረ በአምስተኛው፣ የቀራንዮ አውቶብስ ፌርማታ ከመድኃኔ ዓለም በር ወደ ወፍጮ ቤቱ በተዛወረ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኀ ኅዳር፣ የኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ የእንጨት ሥራ ቤት ጌታ፣ የአልጋና የቁምሳጥን አባት፣ ከጆሮው እርሳስ የማይለየው፣ ግብርን ሳይጠየቅ የሚከፍለው አምሐ የሠራውን ገድል እንጽፋለን። ያየነውን እንጂ የሰማነውን አንጨምርም።

ይህ አምሐ አንድ ንግድ፣ አንድ ፈቃድና አንድ ሠራተኛ ነበረው። ሠራተኛውም ጋሽ ሀብተሥላሴ ነው፤ በልጅነቱ ከከፋ የመጣ፣ አምሐን ራሱን መላጊያ አያያዝ ያስተማረ፣ በዕድሜም አባቱ የሚሆን። ስለዚህ ጌታው አገልጋዩን አንቱ ይለዋል፣ ሲገባ ይነሣለታል፣ ወንበር ይለቅለታል፤ አገልጋዩም ጌታውን አንተ እያለ ያዘዋል። በሰፈሩ ይህን ልብ የሚል አልነበረም፤ ሥርዓት ነውና።

በዚያ ወር አምሐ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከሀብተሥላሴ ደሞዝ ቀንሶ ያስቀመጠውን የሥራ ግብር ይዞ፣ በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ቢሮ ዘመተ። ግብሩን አስረከበ፣ ደረሰኙን ማረከ። የንግድ ፈቃዱ እንዲታደስለት ሲጠይቅ ግን ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው ጸሐፊ ቀና ሳይል እንዲህ ሲል አዋጅ ነገረ፦ «ግብርህ ደህና ነው። ሠራተኛህ ግን የዓመት ዕረፍት ወስዶ አያውቅም። አንድ ሰው ብትቀጥርም ሕጉ ይይዝሃል። ደሞዙን ከፍለህ ሁለት ሳምንት አሳርፈው። ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ በዕረፍቱ ጊዜ በእጁም ሆነ በአፉ ሲሠራ ካገኘው ቤትህ ይታሸጋል። እስከዚያ ፈቃድህ እኛ ዘንድ ይቆያል።»

አምሐም ተመልሶ በሰጋቱራው መካከል ቆሞ አወጀ፦ «ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ ሁለት ሳምንት አይምጡብኝ። ደሞዝዎ አይነካም። የመንግሥት ትእዛዝ ነው።»

ሀብተሥላሴ መላጊያውን አስቀመጠ፣ ሽርጡን አጠፈ፣ ወጣ። በዕድሜው ሰው ሲባረር አይቷል፤ ደሞዙን ይዞ ሂድ ሲባልም አይቷል፤ ሂድ ተብሎ የተመለሰ ግን አላየም። ስለዚህ በማግስቱ ሽማግሌ ላከ።

የሽማግሌዎቹም ሰልፍ እንዲህ ነበር። በፊት የዕድሩ ዳኛ አቶ መኳንንት ከነከዘራው፣ ቀጥሎ እንጨት አመላላሹ ባጫ፣ ፈረሱን የሚይዝለት አጥቶ ከነጋሪው፣ ከኋላ የሻይ ቤቷ ባለቤት እሙ፣ ሳትጠራ፣ በመጨረሻም የማን እንደ ሆነ ያልታወቀ ውሻ። መኳንንት ሳይቀመጥ አወጀ፦ «አምሐ ልጄ፣ አጥፍቶ ከሆነ ይማር። ጠጥቶ መጣ? ዕቃ ጠፋ? መምህሩ ያዘዘውን ቁምሳጥን አጣሞት ከሆነ ይነገረንና ይቃና።»

አምሐም መለሰ፦ «ኧረ ምንም አላጠፉም። ይረፉ ነው ያልኩት። ሕግ ነው።»

እሙም ከኋላ አወጀች፦ «እኔንም እንዲህ አድርጎ የሚቀየመኝ በተገኘ።»

ከቀትር እስከ ማታ ተመካከሩ። ሰው ሳይሠራ ይከፈለዋል የሚለውን ነገር ባጫ ሊቀበል አልቻለም፤ ፈረሱንም ምስክር ጠራ። በመጨረሻ መኳንንት ፈረደ፦ «ሀብተሥላሴ የሥራ ቤቱን ደጃፍ አይረግጥም፤ ይታሸጋልና። እቤቱም አይውልም፤ ተባረረ ይባላልና። ከመንገዱ ማዶ እሙ በር ላይ ይቀመጥ። ወንበሩንም አምሐ ራሱ ያድርስለት።» አምሐ ወንበሩን ተሸከመ።

ከዚህም በኋላ የመከራ ዘመን ሆነ። አምሐ የመምህሩን ቁምሳጥን ብቻውን ሊጨርስ ገባ፤ እጁ ደረሰኝ ለምዶ መላጊያ ረስቶ ነበርና ተጨነቀ። ሀብተሥላሴም ኮቱን ደርቦ፣ እግሩን አጣምሮ፣ አዋጅ ያወርድበት ጀመር። ዝም እንዲል ለመኑት፤ ዓይኑ እያየ እንጨት ሲበላሽ ዝም ማለት አልቻለም። አንዱ አዋጅ፦ «በተቃራኒው አትላግ፣ ይቦጫጨቃል።» ሌላው አዋጅ፦ «ሙጫው አረረ፤ አፍንጫ የለህም እንዴ?» ሦስተኛው፦ «አሁን ይሄ የቁምሳጥን በር ነው ወይስ የዶሮ ቆጥ?» አምሐም ለእያንዳንዱ «እሺ ጋሼ» እያለ ታዘዘ።

በዚህ መካከል ፈጠነ የተባለው ተቆጣጣሪ መጣ። ወጣት ነው፣ ቦርሳ አንግቷል፣ በእጁ ያለው የቤቱ ቁጥር ብቻ ነው። ከእሙ በር ቆሞ አየ። በጥላው ኮት የለበሰ ሽማግሌ ሻይ እየጠጣ ያዛል፤ ከውስጥ በላብ የተጠመቀ፣ ፀጉሩን የእንጨት ፍቅፋቂ የሞላው ሰው «እሺ ጋሼ» ይላል። ፈጠነ ሌላ ማስረጃ አልፈለገም። ወደ ሀብተሥላሴ ዞሮ አወጀ፦ «አባት፣ እንዲህ ያለው ብዝበዛ ቀርቷል። ለመሆኑ ይህ ሠራተኛ የዓመት ዕረፍት ወስዶ ያውቃል?»

ሀብተሥላሴ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ እውነቱንም ተናገረ፦ «ወስዶ አያውቅም።»

ፈጠነም አወጀ፦ «እንግዲያው አሁኑኑ፣ ዓይኔ እያየ ያሳርፉት። ያለዚያ አሽጋለሁ። ሰው ካጡ እርስዎ ገብተው ይሥሩ፤ ባለቤትን ከሥራው የሚከለክል ሕግ የለም።»

አምሐ በደጃፉ ቆሞ አፉን ከፈተ። ጌታው እኔ ነኝ ቢል፣ በዕረፍቱ ጊዜ በአፉ ሲሠራ የተሰማው ሠራተኛ ይያዝበታል፣ ቤቱም ይታሸጋል። ዝም ቢል ቤቱ ይድናል፣ ጌትነቱ ይቀራል። የዘመቻው ታላቅ ሰዓት ይህ ነው። አፉን መልሶ ዘጋ።

ሀብተሥላሴም ተነሥቶ መንገዱን ተሻገረ፣ መላጊያውን ከአምሐ እጅ ተቀበለ፣ ሰፈሩ እየሰማም ቀስ ብሎ አወጀ፦ «አምሐ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሳምንት ዕረፍ። ደሞዝህ አይነካም። አልተባረርክም።»

ፈጠነ የቤቱ ፈቃድ እንዲታደስ ጻፈ። አምሐም ሽርጡን ፈትቶ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ በቀራንዮ መንገድ ወጣ።

እንግዲህ ከባለ አንድ ፈቃድ ነጋዴዎች ሁሉ አምሐን ማን ይስተካከለዋል? በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ሠራተኛው አፍ ዕረፍት ተሰጠው፤ እሱም ሳያጉረመርም ዐረፈ። ሲመለስም የዕረፍቱን ደሞዝ ከግራ ኪሱ ወደ ቀኝ ኪሱ ከፈለ፣ የሥራ ግብሩንም ማንም ሳይጠይቀው ከራሱ ላይ ቀነሰ። ስሙ ከኮልፌ እስከ ጦር ኃይሎች ይክበር፤ መላጊያ ግን ባይነካ መልካም ነው።