ለትርፊት አተካና ማን ይወስዳል?

በየግቢው አንዲት የምታናድድ ሴት አለች። ሆሳዕና ግቡ፣ ዱራሜ ውረዱ፣ አታመልጧትም። ልጆቿ ንፁህ ናቸው፣ ቤቷ ውስጥ ሥራ ይሠራል፣ ድስቷ አያርርም። እንዴት ነው የምትችይው ስትሏት ደግሞ ፈገግ ብላ «ቀላል ነው እኮ!» ትላለች። እንዲህ ከምትል ሴት ጋር በር ለበር እየተያዩ እንዴት ይኖራል?

የኔዋ ክብርት ትርፊት ትባላለች። አንድ ግቢ ተከራይተን ፊት ለፊት ነን። ሥራዋ አተካና ነው፤ ቡላ በወተትና በቅቤ እያማሰለች ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ከሁሉም በላይ ለአራስ ትሸጣለች። በኛ ሰፈር የትርፊትን አተካና ሳትበላ የወለደች ሴት ገና የወለደች አይመስላትም። ባሏ ሀብቴ ሀደሮ ከተማ ያስተምራል፣ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ድርጅቱን የምትመራው ከሦስት ሠራተኞቿ ጋር ነው። ትልቁ ሠራተኛ ሰባት ዓመቱ ነው።

እሱ ሆሴዕ ነው፣ የትራንስፖርት ኃላፊ፤ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ባጃጅ ያስቆማል። አቢጋኤል አምስት ዓመቷ ነው፣ ስልክ ታነሳለች። «እማዬ እያማሰለች ነው፣ ማን ልበል?» ትላለች። እኔን አንድም ቢሮ ውስጥ እንዲህ አድርጎ ያናገረኝ የለም። የሁለት ዓመቷ ሀኒ የእናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ፣ በትከሻዋ በኩል አንገቷን አስግጋ ድስቱን ትቆጣጠራለች። ክብርት ሥራ አስኪያጅ በቀኝ እጇ ታማስላለች፣ በግራዋ አፍንጫ ትጠርጋለች፣ በእግሯ በር ትዘጋለች። ልጅ ሲያጠፋ አትጮህም። ዝግ ብላ «አቢ…» ትላለች፣ አለቀ።

እኔ ያለኝ አንድ ልጅ ነው፣ ቲቶ። ስጮህበት ዳምቦያ ድረስ ይሰማል፤ ቲቶ ብቻ አይሰማም።

በሬ ላይ ሳምቡሳ እጠብሳለሁ። ማለቴ፣ ቲቶ ሲፈቅድ እጠብሳለሁ። አንድ ጠዋት ምስሩን ላወጣ ዞር ስል ሊጡ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ሱሪ የለውም። ጩኸቴን ሰምታ ትርፊት ብቅ አለች፣ እርግዝናዋ ገፍቶ ሆዷ ከሷ ቀድሞ ነው የሚገባው።

«ምነው ገነቴ?»

«ሊጤን ወንበር አደረገው!»

«ቀላል ነው እኮ! ለሱም የራሱን ሊጥ ስጪው፣ ይሥራ።»

ሰጠሁት። ልጁ አንድ ሰዓት ሙሉ ድምፁ ጠፋ። ምክሯ ባይሠራ ኖሮ እወዳት ነበር፤ ስለሠራ ግን ሦስት ቀን አኮረፍኳት።

እኔ ትምህርት ስምንተኛ ላይ ነው የተውኩት። የማውቀው ሥራ ሰው ማስመሰል ነው፣ ድምፁንም አኳኋኑንም። ዳይሬክተራችንን በደንብ እችለው ነበር፤ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆሞ አየኝ፣ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየሁም። አሁን ደግሞ ውሃ የምንቀዳበት ቧንቧ ጋ ለሴቶቹ ትርፊትን አስመስልላቸዋለሁ፤ በእግር በር መዝጋቱን፣ «ቀላል ነው እኮ»ውን፣ ሁሉንም። አንዴ ራሷ ደረሰችብኝ። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «በናትሽ ድገሚልኝ!» አለች። ሐሜቴን እንኳን ቀማችኝ።

ባለፈው ሐሙስ ወለደች። እንኳን ጌታ ረዳሽ ልል ስገባ ስልኳን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ገነቴዬ፣ የሚደውል ካለ አራስ ናት በይልኝ።»

ወገኖቼ፣ ስልኩን አላስቀመጠችም፤ ደንበኞቿን በሙሉ ነው እጄ ላይ ያስቀመጠችው። ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ ጠራ። ወይዘሮ አስናቀች ናቸው።

«ትርፊትዬ፣ ምራቴ ወለደች። ለነገ አተካና ታደርሽልኛለሽ?»

አራስ ናት ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን የትርፊት ድምፅ ነው። «ቀላል ነው እኮ እትዬ!»

ስድስት ዓመት ሙሉ በበሯ አይቻታለሁ፣ ምን ይከብዳል? ቡላ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ማማሰል። የመጀመሪያው ድስት ጠጠር ሆነ። ሁለተኛው እየሄደልኝ ሳለ ቲቶ ከጓሮ ጠራኝ። ሄጄ መጣሁ። ሲታይ አተካና ይመስላል፤ እኔም ራሴ ስታይ ትርፊትን እመስላለሁ። ለሰው ሳልልከው የሚቀምስልኝ ያስፈልጋል። ይሄን ነገር የሚያውቅ ምላስ ደግሞ አንድ ነው፣ ያውም ፊት ለፊቴ አልጋ ላይ ተኝቷል። በሳህን አድርጌ፣ ከድኜ ገባሁ።

ክፍሉ በስጦታ ሞልቷል። ዳይፐር፣ ሳሙና፣ ለስላሳ፣ ሙዝ፣ የሕፃን ኮፍያ። ከዳምቦያ ድረስ የመጡ ዘመዶች አሉ። ከዚያ ሁሉ መሃል አንድ ሳህን አተካና የለም። ማን ያመጣል? እኔም ራሴ ሐሙስ ዕለት «ለትርፊት አተካና? ለወንዝ ውሃ ልቀዳለት?» ብዬ ቧንቧው ጋ አስቄያለሁ።

ሳህኑን ከፈትኩት። ቅመሽና ንገሪኝ ልላት ነበር፣ አልጠበቀችኝም። አንዴ ጎረሰች። ደገመች። ከዚያ እንባዋ ወረደ።

«ምነው፣ ጨው በዛ?»

«ሆሴዕን ስወልድ ራሴ ነኝ ተነስቼ ያማሰልኩት» አለች። «አቢንም፣ ሀኒንም። በአራስነቴ የሰው እጅ ስበላ ዛሬ ገና ነው።» ዋጠችና በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረች። «ቀላል አልነበረም እኮ፣ ገነቴ።»

ይሄን ድምፅ አላውቀውም። ስድስት ዓመት ሳስመስላት አንድም ቀን አልሰማሁትም። ሀቁን ልነግራት አፌን ስከፍት፣ ስልክ አንሺዋ አቢጋኤል ከአልጋው ሥር ብቅ አለች።

«እማዬ፣ ገነቴ እኮ ጠዋት በአንቺ ድምፅ ለእትዬ አስናቀች እሺ አለች።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እሺ ባልኩ። ትርፊት ግን መጉረሷን አላቆመችም። ሳህኑን ጠርጋ ጨረሰችና ጣቷን ላሰች።

«መሃሉ ላይ ጓጉሏል። ስታማስይ ቲቶ ጠርቶሽ ሄደሻል አይደል?»

«አዎ።»

«አንቺ አትሂጂ። ልጁን ወደ ድስቱ ጥሪው። በይ ድስቱን እዚህ አምጪው፣ የነገውን አጠገቤ ሆነሽ አማስይ። እስክነሳ የሚደውለውንም አንቺ ተቀበይ። ግን በራስሽ ድምፅ!»

የወይዘሮ አስናቀች አተካና እሁድ ደረሰላቸው። ሆሴዕ ባጃጅ አስቆመ፣ ቲቶ ደግሞ ሀኒ ሥር በምክትልነት ተቀጥሮ ድስት ይቆጣጠራል። ትርፊት ዝግ ብላ «ቲቶ…» ስትለው ቁጭ ይላል። እኔ ስለው አሁንም ይሮጣል። ስለዚህ አሁንም እቀናለሁ፣ ተለወጠች እንዳትሉኝ።

ቧንቧው ጋ ሴቶቹ «እስቲ ትርፊትን!» ሲሉኝ «ቀላል ነው እኮ!»ን አሳምሬ እልላቸዋለሁ። ያን ዝቅ ብሎ የወጣውን «ቀላል አልነበረም እኮ»ንም እችለዋለሁ። ሳማስል እጄ ሲዝል ብቻዬን እለዋለሁ፤ ለሰው ግን አላሳይም።