የታሰረ ዓሣ ያዋጣል ወይ?

ትርፍ የሚባል ነገር ሲወራ ጆሮዬ ይቆማል፤ ምን ላድርግ፣ አመሌ ነው። ስለዚህ ዳምጤ ስለ ዓሣ ሲያወራ ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነኝ።

ዳምጤ ጓደኛዬ ክፉ ሰው አይደለም። እዚህ በስደት አገር፣ ሬክስዴል በሚባል ሰፈር አንድ የዓሣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይጭናል። ታዲያ አለቃው ባሕር ላይ ስለሚረባው ሳልመን የሚባል ዓሣ አወራለትና ልጁ በዚያው ልቡ ሸፈተ። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምተሃል አይደል? የእሱ ዓሣ አለኝ በባሕር ሆነ።

እሁድ ዌስተን ሰፈር እቁብ ልንጥል ተሰብስበን ዕጣው ለጋሽ ወንድሙ ወጣ። ገንዘቡ የባለቤታቸው የእትዬ አስካለ ቲኬት ነው። አዲስ አበባ የመምጫ ወረቀታቸው ተጠናቆ የቀራቸው አውሮፕላን ብቻ ነው። ዳምጤም ይህን እያወቀ አፉን ከፈተ።

ጋሽዬ፣ ኢንቨስት ያድርጉት አላቸው። የመረብ ቤት ባሕር ላይ ይንሳፈፋል፣ ኬጅ ይባላል፣ ጣት የምታህል ዓሣ ገብታ ክንድ አክላ ትወጣለች። ግጦሽ የለ፣ እረኛ የለ! እትዬ አንድ ሁለት ዓመት ቢታገሱ በትርፉ ይመጣሉ አለ። እኔ ልቤ ዋለለ፤ አልዋሽህም።

ጋሽ ወንድሙ ደርግ ሦስት ዓመት ያሰራቸው ሰው ናቸው። ሰምተው ሲጨርሱ መጠየቅ ጀመሩ።

ዓሦቹ ከዚያ ቤት ይወጣሉ? አይወጡም። ይቆጠራሉ? በደንብ። ጠባቂስ? በጀልባ ይዞራል።

«የሚፈቱበት ቀን ታውቋል?»

«ሲደልቡ።»

«ወዴት?»

«ወደ መጥበሻ።»



«ቀለባቸውን ማን ይችላል?»

«እኛ ነና» አለ ዳምጤ፣ ድምፁ ቀነስ ብሎ። ትልቁ ወጪ መኖው መሆኑን ያኔ ነው የተነፈሰው።

«ዘመድ የላቸውም?»

ዳምጤ ሳቀ። ጋሽ ወንድሙ አልሳቁም።

«እኔን ሦስት ዓመት ስንቅ ያመላለሰችልኝ አስካለ ናት። አሳሪዎቼ አንዲት ጉርሻ አላወጡብኝም። እስር የሚያዋጣው እንዲያ ሲሆን ነው። ስንቅ አቀባይ የሌለውን አስሮ ማን አተረፈ?» ብለው ገንዘቡን ኪሳቸው ከተቱ። እኔም አፈርኩ፤ ዳምጤ ግን ማፈር አያውቅም።

በዚያው ገንዘብ እትዬ አስካለ መጡ። ዳምጤ በየእሁዱ ከእሳቸው ቤት አይጠፋም፤ ሳህኑን ሙልት አድርገው ያቀርቡለታል። በአራተኛው እሁድ ወጥ እየጨመሩለት ወደ ባላቸው ዞር አሉና በጣም አዝነው ጠየቁ።

«ይሄ ልጅ ደግሞ በምን ታስሮ ነው?»